የብርቱካን ልጣጭና የእናቴ አፍንጫ

ሽታ አልችልም። ይህን ስናገር ቅንጦት የሚመስላቸው ሰዎች አሉ፤ ቅንጦት አይደለም፣ አፈጣጠሬ ነው። ሚኒባስ ስሳፈር ከመቀመጫው በፊት የማየው ከሾፌሩ መስተዋት ላይ የተንጠለጠለውን ባለሽቶ ካርቶን ነው። ካለ ሌላ መኪና እጠብቃለሁ። ረዳቶቹ ለምደውኛል፤ «እሷን ተዋት፣ ሽታ መርማሪ ናት» እየተባባሉ ያልፉኛል።

ወልቂጤ የተከራየሁት ክፍል በግቢው ካሉት አምስት ክፍሎች የመጨረሻው ነው። ከአጥሩ በር የመጨረሻው ስለሆነ ለመጸዳጃ ቤቱ የመጀመሪያው ነው። አከራዬ ደግ ሴት ናቸው፤ በየሳምንቱ ያስጠርጋሉ፣ ያሳጥባሉ። ሆኖም ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ቆርቆሮውን ስትመታው ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ይሆናል። መጀመሪያ ሰሞን ከሱቅ የሚነፋ የቤት ሽቶ ገዛሁ። ጣሳው ላይ የጽጌረዳ ሥዕል ነበረበት። የነፋሁት ቀን መጸዳጃ ቤቱ አበባ ይዞ ሊጠይቀኝ የመጣ መሰለኝ፤ ራሴን ሁለት ቀን አመመኝ። የዕጣን ጭስ ደግሞ ደረቴን ይዘጋዋል። ስለዚህ የቀረኝ ውሃና ቅጠል ነበር።

ከሥራ ስወጣ መንገዴ ላይ ካለ ጁስ ቤት ጎራ እልና የብርቱካን ልጣጭ እለምናለሁ። ባለቤቱ በመጀመሪያው ሳምንት ዝም ብሎ ሰጠኝ፤ በሁለተኛው ሳምንት በግ እያደለብኩ እንደሆነ ጠየቀኝ። ለቤቴ ሽታ ነው ስለው ይበልጥ ግራ ገባው። ልጣጩን ቤት አምጥቼ በውስጥ በኩል ያለውን ነጩን በቢላ እፍቀዋለሁ፣ ቶሎ የሚሻግተው እሱ ነውና። በትንሽ ድስት ውሃ እጥድና ስድስት ሰባት ፍሬ ቅርንፉድ፣ አንድ ስንጥር ቀረፋ፣ በመጨረሻም ልጣጩን ጨምሬ እሳቱን ዝቅ አደርገዋለሁ። መገንፈል የለበትም፤ ቀስ ብሎ መንተክተክ ነው ያለበት። ሲቀዘቅዝ ከነልጣጩ ሰፊ አፍ ባለው የማርማላታ ብልቃጥ እገለብጠዋለሁ። የብልቃጡን ክዳን በሚስማር በሳስቼዋለሁ። ለቁም ሳጥኑ የደረቀ አሪቲ በነጠላ ቁራጭ እቋጥራለሁ፤ በሩ ሥር ቤኪንግ ሶዳ ከሎሚ ልጣጭ ጋር በሲኒ አስቀምጣለሁ፤ መስኮቱ ላይ ጠጅ ሳር እሰቅላለሁ። ጠጅ ሳሩን የምትሰጠኝ እናቴ ናት፣ ቡታጅራ ካለው ጓሮዋ።

ከእነዚህ ሁሉ የምወደው ብልቃጡን ነው። አንድ ችግር አለው፤ ዕድሜው አጭር ነው። በአምስተኛው ወይም በስድስተኛው ቀን ተደፍቶ ብልቃጡ መታጠብ አለበት። ካልሆነ ላዩ ላይ ግራጫ ፀጉር ያበቅልና ሽታው ከጠላሁት ሽታ ይብሳል።

እናቴ አባቴ ከሞተ ወዲህ ቡታጅራ ብቻዋን ትኖራለች። ወንድሞቼ አዲስ አበባ ናቸው። እኔ በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ እሄዳለሁ፣ እሑድ ከሰዓት እመለሳለሁ። ስመለስ በኮባ የተጠቀለለ ቆጮ ታስይዘኛለች። አሁን ሳስበው አፍራለሁ እንጂ ያንን ቆጮ ሦስት ፌስታል ደራርቤ ነበር የማስረው፣ ሚኒባስ ውስጥ እንዳይሸት። ወልቂጤም ገብቼ የሥራ ባልደረባ ሊጠይቀኝ ይመጣል ካልኩ መስኮቱን ከፍቼ ድስቴን እጥዳለሁ። ጉራጌ አገር ተቀምጦ የቆጮ ሽታ መደበቅ እንዴት ያለ ሞኝነት እንደሆነ የሚነግረኝ ሰው አልነበረም። ቆጮውን ግን ጥርግ አድርጌ እበላዋለሁ።

እናቴ በሰፈሩ የምትታወቀው በአፍንጫዋ ነው። እንሰቱ ተፍቆ በኮባ በተነጠፈ ጉድጓድ ይቀበርና ድንጋይ ተጭኖበት ለወራት ይቀመጣል፤ ደርሷል አልደረሰም የሚለውን ግን ድንጋዩ አይናገርም። ያኔ እናቴ ትጠራለች። እጇን ትታጠባለች። ከላይ ካለው ሳይሆን ክንዷን ሰድዳ ከመሀል ትንሽ ታወጣለች፤ በጣቶቿ ትጨምቀዋለች፤ ከዚያ አፍንጫዋ ሥር ይዛ ዓይኗን ትጨፍናለች። «ደርሷል» ካለች ይከፈታል፤ «ገና ነው» ካለች ባለቤትየዋ ድንጋዩን መልሳ ትጭናለች። ክርስቲያኑም እስላሙም ይጠራታል። በገበያ ቀን ደግሞ ቅቤ ሻጮቹ ከሩቅ ሲያዩዋት የትናንቱን ቅቤ ወደ ኋላ ይገፉታል ይባላል። ቅጠሉን ሳትፈታ ነበር የምታውቀው።

በጥር ከባድ ጉንፋን ያዛት። አንድ ሳምንት ተኝታ ተነሣች፤ እኛም ተመስገን ብለን ረሳነው። በሐምሌ መጀመሪያ ለእሷም አንድ ብልቃጥ አዘጋጅቼ ወሰድኩላት። ዝናቡ ሳሎኑን እርጥበት እርጥበት ስላሰኘው ደስ ይላታል ብዬ ነው። አሠራሩንም ዕድሜውንም ነገርኳት። መደርደሪያው ላይ ከአባቴ ፎቶ አጠገብ አስቀመጠችው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ደረስኩ። በሩን እንደከፈትኩ የሻገተ ሽታ መጥቶ ፊቴን መታኝ። እናቴ ተነሥታ አቀፈችኝና ወደ መደርደሪያው እያሳየችኝ፣

«ያመጣሽልኝ ነገር ቤቱን እንዴት አድርጎ እንደያዘው ታያለሽ? አሁንም ይሸታል እኮ፣ ልክ እንደ መጀመሪያው ቀን» አለች።

ብልቃጡ ውስጥ ግራጫው ፀጉር ክዳኑ ድረስ ደርሷል። የምትቀልድብኝ መስሎኝ ፊቷን አየሁ። እናቴ ስትቀልድ የከንፈሯ አንድ ጎን ብቻ ይነሣል። አልተነሣም። ምናልባት እንዳይከፋኝ ብላ ይሆናል ብዬ ራሴን አሳመንኩ፤ ስጦታን ማሳነስ አትወድም። ዕቃ የማጥብ መስዬ ብልቃጡን ወደ ጓሮ ወስጄ ደፋሁት።

ከሰዓት በኋላ በረንዳው ላይ ቅቤ ታነጥር ነበር። እኔ ከጓሮ ጠጅ ሳር እያጨድኩ ነው። ኮረሪማውና አብሹ አልፎ አልፎ ሲመጣልኝ ቆየና በድንገት የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ። ቀና ስል ከድስቱ ጥቁር ጭስ ይወጣል። እናቴ ከድስቱ አንድ ክንድ ርቀት ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ጎመን ትቀነጥሳለች። ጀርባዋ ግማሽ ዞሯል። ጭሱ ፊቷ ላይ እስኪመጣ ድረስ አላወቀችም። እናቴ ቅቤ ስታሳርር በሕይወቴ አይቼ አላውቅም። ድስቱን አወረድኩ፤ እሷም ከሰሉ በዝቶ ነው አለች፤ እኔም ከሰሉ በዝቶ ነው አልኩ።

 በማግስቱ ጠዋት ያደረግሁትን ነገር ዛሬም ድረስ ምነው ባላደረግሁት እላለሁ። ያጠብኩትን ብልቃጥ ከቧንቧ ውሃ ሞላሁት፤ ሌላ ምንም አልጨመርኩበትም። ክዳኑን ገጥሜ ከበስተኋላዋ መጣሁና አፍንጫዋ ሥር ያዝኩላት።

«እማ፣ አዲስ ሠርቻለሁ። ምን ይሸታል?»

ጠለቅ አድርጋ ሳበች። ቆጮ ስትመረምር እንደምታደርገው ዓይኗን ጨፈነች።

«ብርቱካን» አለች። «ቅርንፉዱም ይመጣል።»

«ውሃ ነው፣ እማ።»

ዓይኗን ከፈተች። ብልቃጡን አየችው፤ ጥርት ያለ ውሃ ነው። የተቆጣች መስሎኝ ነበር፤ የሆነው ግን ከቁጣ የከፋ ነው። ፊቷ ላይ ያየሁት ሐፍረት ነበር፣ እናት በልጇ ፊት ልታፍረው የማይገባ ሐፍረት።

«ካወቅሽ ለምን ጠየቅሽኝ?» አለችኝ።

ብልቃጡን አስቀመጥኩ። አጠገቧ ተቀመጥኩ። ያኔ ነገረችኝ። በጥር ከያዛት ጉንፋን ጀምሮ ምንም አይሸታትም፤ ሳሙናው፣ ዝናቡ፣ ቅቤው፣ ምንም። ቀስ በቀስ ይመለሳል ብላ ጠበቀች። ሳይመለስ ግንቦት መጣ፣ ሰዎችም እየመጡ ይጠሯታል። የቆጮውን ልስላሴ በእጇ እየገመተች ትናገራለች። ዓይኗን የምትጨፍነው ለወጉ ነው። ለምን ለሰው አልተናገርሽም አልኳት።

«ወደዚህ ቤት ሰው የሚመጣው ለአፍንጫዬ ነው» አለች። «አባትሽ ከሄደ ወዲህ በሬ የሚንኳኳው ጉድጓድ ሲከፈት ነው። ይቺም ከቀረች ማን ይመጣል? አንቺ በሁለት ሳምንት አንዴ ነሽ።»

ወቀሳ አልነበረም፤ ቁጥሩን ነው የነገረችኝ። እኔ ግን እንደ ወቀሳ ሰማሁት፣ የሚገባኝም ነበር።

ከሰዓት በኋላ ወደ መናኸሪያ ስወጣ ከአጥር ወዲያ ያሉት ጎረቤታችን እስከ ባጃጁ ሸኙኝ። እስላም ናቸው፤ ከእናቴ ጋር ልጅ በልጅ ላይ ሲያሳድጉ አብረው ያረጁ ሰው ናቸው። እትዬ እላቸዋለሁ። ቦርሳዬን አንሥተው እየሄዱ የዝናቡን፣ የመንገዱን፣ የወልቂጤን ጤንነት ሁሉ ጠየቁኝ። ባጃጁ ሲቀርብ ብቻ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«እናትሽን ሐኪም አሳዪልን» አሉ። «አፍንጫዋ ተይዟል። እኔ ከአረፋ ጀምሮ አውቃለሁ።»

ለአረፋ ጉድጓዳቸውን ሊከፍቱ ሲሉ እናቴን ጠርተው ነበር። ደርሷል አለቻቸው። ከፍተው ሲያዩት ጥሬ ነው፤ ለእንግዳ የሚቀርብ አልነበረም። ምንም ሳይናገሩ ከገበያ ገዝተው አረፋን ዋሉ። ለእናቴ ከዚያው ከተገዛው ቆጮ ከሥጋ ጋር ላኩላት፣ የራሳቸው ጉድጓድ ቆጮ ነው ብለው። ከዚያም በኋላ ሌላ ጉድጓድ ሲከፍቱ ጠርተዋታል።

«ካወቁ ለምን ጠሯት ታዲያ?» አልኩ።

«ወላሂ፣ ሳልጠራት ብከፍት ምን ትላለች?» አሉ። «እሷ ትናገራለች፤ እኔ ደግሞ ሳምንት ጨምሬ እጠብቃለሁ። ምን ይጎዳኛል?»

በሚኒባሱ ውስጥ መስኮቱን ይዤ አለቀስኩ። ያን ቀን ከመስተዋቱ ላይ ምን እንደተንጠለጠለ አላየሁም።

እናቴን ወልቂጤ ለማምጣት ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። ለሐኪም ብላት እንደማትመጣ ስለማውቅ ቤቴን እይልኝ አልኳት። መጣች፤ ክፍሌን አየች፣ መስኮቱ ጠባብ ነው አለች፣ ድስቴንም ገልብጣ ታቹን መረመረች። በማግስቱ ክሊኒክ ወሰድኳት። ሐኪሙ ረጋ ያለ ወጣት ነው። ጉንፋኑ የማሽተቻውን ነርቭ ጎድቶት ሊሆን እንደሚችል፣ አንዳንድ ሰው ላይ እንደሚመለስ፣ አንዳንዱ ላይ ደግሞ እንደማይመለስ፣ እርግጠኛ ሆኖ መናገር እንደማይችል ነገረን። የሚጎዳ ነገር የለውምና ጠንከር ያሉ ሽታዎችን ጠዋትና ማታ ብትለማመድ መልካም ነው አለ። ዝም ብሎ ማሽተት ሳይሆን ሽታውን በሐሳብ እያስታወሱ። እናቴ ከክሊኒኩ ስንወጣ፣ «ተምሮ ተምሮ ቅጠል አሽቺ አለኝ?» አለች። የከንፈሯ አንድ ጎን ተነሥቶ ነበር። ከሐምሌ ወዲህ ያየሁት የመጀመሪያው ነው።

ቅጠል ማሽተት ከሆነ ነገሩ ወደ እኔ ሙያ መጥቷል ማለት ነው። በዚያው ምሽት አራት ብልቃጥ አጠብኩ። በአንደኛው የሎሚ ልጣጭ፣ በሁለተኛው ቅርንፉድ፣ በሦስተኛው ኮሰረት፣ በአራተኛው የተቀጠቀጠ የባሕር ዛፍ ቅጠል አደረግሁ። እናቴ ፊደል ስለማትለይ በየአንገታቸው የተለያየ ቀለም ያለው ክር አሰርኩ። ሎሚውንና ባሕር ዛፉን በአምስት ቀን አንዴ እንድትቀይር ነገርኳት። እስከዚያ ቀን ድረስ መጥፎ ሽታ ለማባረር ብቻ ነበር ብልቃጥ የምሞላው፤ ሽታ ለመጥራት ሞልቼ አላውቅም።

ቡታጅራ ከተመለሰች በኋላ በየጠዋቱ ሥራ ከመግባቴ በፊት እደውልላት ጀመር። ንግግራችን ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነበር። ቢጫውን ከፈትሽ? ከፍቻለሁ። ምን አለ? ምንም አላለም። ሐኪሙ ያለውን ይዤ፣ እሺ ሎሚ ስትዪ ምን ትዝ ይልሻል እላታለሁ። መጀመሪያ መጀመሪያ ሎሚ ነዋ፣ ሎሚ ሎሚ ነው እያለች ትዘጋብኝ ነበር። በኋላ ግን ማውራት ያዘች። ቅርንፉዱን ስትከፍት፣ ጥርሷን ሌሊቱን ሙሉ ሲያማት ባደረበት ጊዜ አባቴ ፍሬውን በራሱ ጥርስ ሰብሮ ድዷ ላይ እንዳስቀመጠላት ነገረችኝ። በባሕር ዛፍ ሁላችንም በአንድ ብርድ ልብስ ውስጥ የታጠንንበትን ሳምንት አነሣች። በኮሰረት ስለ ሠርጓ ነገረችኝ፤ አማቷ የመጀመሪያ ቀን የሰጠቻት ሥራ ኮሰረት ማበጠር እንደነበርና እጇ ለሦስት ቀን እንደሸተተ። እኔ አርባ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ ከእነዚህ አንዱንም አላውቅም ነበር። ስልኬን ይዤ የመሥሪያ ቤቱ በር ላይ ቆሜ አዳምጣለሁ። አንዳንድ ቀን አረፍዳለሁ፤ አለቃዬም ይገላምጠኛል።

በነሐሴ መጨረሻ አንድ ጠዋት ራሷ ደወለች። ተቆጥታለች። ኮሰረቱ የተቃጠለ ላስቲክ ሸተታት። ሎሚውም የተቃጠለ ላስቲክ፣ ሳሙናውም። የሰጠሽኝን ነገር ሁሉ ልጥለው ነው አለችኝ። እኔ በደስታ ልጮህ ምንም አልቀረኝም። ሐኪሙ ጋ ሄጄ ስጠይቀው ብዙ ሰው ማሽተት ሲመለስለት መጀመሪያ ላይ እንዲህ እንደሚሸተው ነገረኝ። ላስቲክም ይሁን፣ እባክሽ አትጣዪው ብዬ ለመንኳት። «አንቺ ደግሞ የመጣው ሁሉ ያስደስትሻል» አለችኝ።

መስቀል ደረሰ። ወንድሞቼ ከነቤተሰባቸው ሊመጡ ነው። የእናቴ ጉድጓድ ብዙ ወራት ያለፉት ነበር፤ ለመስቀል ነው የተቀበረው። ከበዓሉ ስድስት ቀን ቀደም ብዬ ፈቃድ ወስጄ ሄድኩ። ጠዋት ላይ ጓሮ ወጣን። ጎረቤታችንም እንደ ልማዳቸው ሲከፈት ለመርዳት መጡ። ድንጋዩን አነሣን፤ ኮባውን ገለጥን። እናቴ እጇን ታጥባ ክንዷን ሰደደች፣ ከመሀል አወጣች፣ ጨመቀች። ወደ አፍንጫዋ ልትወስድ ስትል እጇ በመንገድ ላይ ቆመ።

«አፍንጫዬ ሄዷል» አለች ለጎረቤታችን። «ከጥር ጀምሮ ነው። የአረፋሽንም ያበላሸሁት እኔ ነኝ። በኋላ ነው የገባኝ፤ የላክሽልኝ ቆጮ ያንቺ እጅ አልነበረም።»

ጎረቤታችንና እኔ ተያየን። ስለ ቆጮው እንደገባት አንዳችንም አናውቅም ነበር። በጣቷ አውቃለች ማለት ነው፤ አውቃም ሁሉን ነገር ችላ ተቀምጣለች።

ጎረቤታችን ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀመጡና ነጠላቸውን አስተካከሉ። «አፍንጫሽ ቢሄድ እጅሽ አልሄደም» አሉ። «አፍንጫ ደግሞ ይኸው ቆማለች፣ ወልቂጤ ድረስ ሽታ ስታባርር የምትኖር።»

እኔን ማለታቸው ነው። እናቴ አየችኝ። ከዚያ በእጇ ያለውን አፍንጫዬ ሥር አመጣችው። ሦስት ፌስታል ደርቤ የማስረው ሽታ ነበር። ወደ ኋላ ማለት አልቻልኩም።

«ዓይንሽን ጨፍኚ» አለችኝ። «መጀመሪያ ይወጋል ወይስ ይይዛል?»

«ይወጋል።»

«የት ድረስ?»

«ግንባሬ ድረስ።»

«ከሥሩስ ምን አለ? አትቸኩዪ።»

አልቸኮልኩም። ከውጊያው ሥር ሌላ ነገር ነበር፤ እርጥብ ቅጠል፣ ትንሽ እርጎ የመሰለ፣ ራቅ ያለ ጣፋጭ። እየፈለግሁ ነገርኳት። እሷ በጣቶቿ ሌላ ቁራጭ እየጨመቀች፣ አሁንም ክር ክር እንደሚል እየፈተሸች ታዳምጠኛለች። ርጥበቱ እየቀደመኝ እንደሆነ ወይስ ጣፋጩ ጠየቀችኝ። ርጥበቱ አልኩ።

«ገና ነው» አለች። «አራት ቀን። ይወጋል ያልሽው ግንባር መድረሱን ሲተው ይከፈታል።»

ድንጋዩን መልሰን ጫንን። በአራተኛው ቀን እንደገና አሸተትኩ። ግንባሬን አልወጋኝም፤ አፍንጫዬ ሥር ተቀምጦ ያዘኝ። ደርሷል አልኩ፣ በፍርሃት። እናቴ በእጇ አረጋገጠችና ከፈተችው። ወንድሞቼ ሲበሉ ምንም አልጠየቁም፤ ሁልጊዜም ጥሩ ስለሆነ ለምን ይጠይቃሉ። እኔ ግን ያን ቆጮ የበላሁትን ያህል ኮርቼ ምንም ነገር በልቼ አላውቅም። ከዚያ ሳምንት በኋላ ሰዎች ሲጠሩን ሁለታችንም አብረን ሄድን፤ እኔ ከሌለሁ ደግሞ እሷ በእጇ ትገምታለች፣ ባለቤትየዋ ታሸትታለች፣ እናቴ ትጠይቃታለች። በሯ መንኳኳቱን አላቆመም። እንዲያውም አሁን መጥተው ይቀመጣሉ፤ ጥያቄው ጊዜ ይወስዳል።

በጥቅምት አራቱን ብልቃጥ ወደ ጎን አድርጌ ለሳሎኑ የብርቱካኑን ሠራሁላት፤ ልጣጩን በየሳምንቱ ራሷ ትቀይረዋለች። በኅዳር የሥራ ሪፖርት ስለበዛብኝ አንድ ቅዳሜ ቀረሁ። በሚቀጥለው ስሄድ፣ ስመለስ ቆጮውን ያለ ፌስታል በኮባው ብቻ እይዘዋለሁ እያልኩ በሩን ገፋሁ። ቤቱ ለእኔ ምንም መጥፎ ነገር አልሸተተኝም። ገብቼ ሻንጣዬን አስቀመጥኩ፣ ጫማዬን አወለቅሁ፣ የአባቴን ፎቶ አየሁ። እናቴ ከመደርደሪያው ብልቃጡን አንሥታ ከፊቷ አርቃ በሁለት ጣት ይዛ ወደ እኔ መጣች። አፍንጫዋን ሸብሽባለች።

«ይሄን ድፊው» አለች። «ገምቷል።»

ተቀበልኳት። ወደ ብርሃን ይዤው አየሁት፤ ላዩ ላይ ምንም ፀጉር የለም። አፍንጫዬ ሥር አስጠግቼ ጠለቅ አድርጌ ሳብኩ። ከብርቱካኑ ሥር፣ በጣም ከሥር፣ ቀጭን የሆነ የሻጋታ ሽታ ነበር። እኔ ሽታ መርማሪዋ በሩን ከፍቼ ገብቼ፣ ጫማዬን እስካወልቅ ድረስ አላገኘሁትም። እናቴን ቀና ብዬ አየኋት። የምታየኝ ብልቃጡን እንድደፋላት ነው፤ ምን እንዳለች ገና አላወቀችም።

ጓሮ ወጥቼ እንሰቱ ሥር ደፋሁት። ልጣጩ መሬት ላይ ተበተነ። ባዶውን ብልቃጥ ታቅፌ እዚያው ቆሜ አለቀስኩ። ከውስጥ ድምፅዋ መጣ፤ ብልቃጡን በሙቅ ውሃ እንዳጥበው፣ ክዳኑንም እንዳልረሳ፣ ሽታው የሚቀመጠው ክዳኑ ላይ ነው አለችኝ።